ለሲስተር፣ ለጎረቤቶቼ፣ ስማችሁን ላልጠራሁት ሁሉ

አልሐምዱሊላህ። ልጄ ትናንት ትምህርት ቤት ተመለሰ። ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ ዳገቷን ሲወጣ፣ ከኋላው ሆኜ ትንፋሹን ሳዳምጥ ነበር። ሲር ሲር የሚል ነገር የለም። ያኔ ነው ይህን ልጻፍ ያልኩት።

ልጄ አስሙ ተነስቶበት ወደ ደሴ ሐኪም ቤት የሮጥንበትን የዚያን ሌሊት ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላሉ። የሐረጎን ዳገት በዚያ ጉም ስንወጣ ግን... ተዉት። ጋሼ፣ ከእንቅልፍዎ ተነስተው ሚኒባስዎን ያወጡት፣ የነዳጅ እንኳ አልቀበልም ያሉት፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ።

አሁን ወደ ሲስተር ልምጣ። «ስሜን እንዳትጠሪ» ብላኛለች፤ እሺ። ዝም ማለት ግን አልችልም። ልጄ በኦክስጅን ሲረጋጋ እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። እሷ ግን ተራዋን ጨርሳ፣ ጋወኗን አውልቃ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። «እናቴ፣ ፓፉን እንዴት ነው የምትሰጪው?» በአፍ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ማለቷ ነው። አሳየኋት። ሳቅ አለች፣ የንቀት ሳቅ አይደለም። «ብዙው እኮ ምላሱ ላይ ነው የሚቀረው።» ከዚያ የጠጣሁበትን ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አነሳች። ሥሩን በጋለ ሽቦ ቀደደች፣ የፓፉን አፍ ሰካችበት፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገችው። ልጁ ከንፈሩን በፕላስቲኩ አፍ ገጥሞ፣ አንዴ ሲነፋለት አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። በቃ። መድኃኒቱ አፍ ውስጥ ሳይቀር ሳንባ እንዲደርስ የሚያግዘውን፣ በብር የሚገዛውን ዕቃ በባዶ ፕላስቲክ ሠራችልኝ።

ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ነገረችኝ። ሳልቡታሞል የሚባለው ሰማያዊው ፓፍ ሲያፍነው ይከፍትለታል እንጂ፣ ውስጡ ያበጠውን የአየር ቧንቧ አያክመውም። እሱን የሚያክመው ቤክሎሜታዞን የሚባለው ነው። ደህና በሆነበት ቀንም ሳይቀር በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከዚያ አፉን ይጉመጠመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ በሄድን ቁጥር «ኒሞኒያ ነው» እየተባልን ስንት ጠርሙስ አሞክሳሲሊን አጠጥቼዋለሁ! መድኃኒቱ ሲጠፋ ፒያሳ ያሉትን ፋርማሲዎች በራሷ ስልክ ያዳረሰችው እሷ ናት። የክትትል ቀጠሮ ያስያዘችንም እሷ። ልጅ ደህና ሆኖ ሳለ ሐኪም ቤት መሄድ! ባለቤቴ መጀመሪያ ስቆብኝ ነበር፤ አሁን ቀኑን የሚያስታውሰኝ እሱ ነው።

ሐኪሞች፣ ጽዳቶች፣ ጥበቃዎች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ጎረቤቶቼ፣ ዱዓ ያደረጋችሁትም ጸበል ያመጣችሁትም፣ እኩል ደርሶናል። ጭሱ እንዳያስነሳበት፣ አሁን እኛ ቤት ቡና የሚቆላው ደጅ ነው። እጣኑም ቀርቷል። የወሎ ሰው ያለ እጣን ቡና ሲጠጣ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ውለታችሁን አልረሳውም። ስማችሁን ያልጠራኋችሁ አትቀየሙኝ፣ ጭንቅላቴ ገና አልተመለሰም። ክዳኑ የተሰበረው አረንጓዴ ፔርሙዝም የማን እንደሆነ ንገሩኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አጠገባችን ከኩታበር ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ የልጄ እኩያ ልጅ ነበር። በሽታቸው አንድ፣ ኦክስጅኑም አንድ። እናቱ እስከ መኪናው ሦስት ሰዓት በእግር ትሄዳለች። «ሲያፍነው አዝዬው እሮጣለሁ። ሲሻለው ምን ብዬ ልምጣ? በምን ብር?» አለችኝ። የእኔ ልጅ ቀጠሮ አለው፤ የእሷ ልጅ የሚያውቀው ድንገተኛ ክፍሉን ብቻ ነው። በዚህ ዓመት ሦስተኛው ነው አለች። ሲስተር ለእሷም ፕላስቲክ ሠርታ ስትመጣ፣ መኪና እንዳያመልጣቸው ማልደው ወጥተዋል። ስልክ አልተቀባበልንም።

ወደዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ ሰማያዊ ነጠላ የለበሰች፣ ቀጭን፣ ልጇን «አባቴ» እያለች የምትጠራ እናት ካያችሁ፣ ፕላስቲኳ እኔ ቤት ናት። አጥቤ አስቀምጬላታለሁ። ልጇን ለክትትል ስታመጣ ደሴ ማደሪያ ካጣች፣ አብረን እናድራለን፤ እህቴ ሆጤ ቤት አላት።