ሴንትራል ሎክ ሳይለካ አይቀየር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሴንትራል ሎኩ፣ ማለትም በሮቹን በአንድ ላይ በኤሌክትሪክ የሚቆልፈውና የሚከፍተው ሥርዓት፣ ተበላሽቶ ሪሞቱ ቢጫን በሩ አልከፈት ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ ባለንብረቱ ቶሎ የሚሰማው መልስ «ዩኒቱ (በሮቹን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ተቃጥሏል፣ ይቀየር» የሚል ነው። ከዚያ ሶማሌ ተራ ተሂዶ ያገለገለ ዕቃ ይገዛል፣ ይገጠማል፤ በሩ ግን እንደነበረው ይቀራል። ይህ ሊቀር የሚችል ኪሳራ ነው። ሳይለኩ ዕቃ መቀየር ጥገና ሊባል አይገባውም። ባለመኪኖች ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው፣ ሙያውን የጀመሩ ወጣቶችም ከየት መነሳት እንዳለባቸው እንዲያውቁ ይህን ደብዳቤ እንድታወጡልን እንጠይቃለን።

ካቻቪቴ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር ይጣራ። እምቢ ያለው አንድ በር ነው ወይስ ሁሉም? የሾፌሩ በር ላይ ያለው የሎክ ስዊች ሲጫንስ በሮቹ ይታዘዛሉ? በስዊች እየሠራ በሪሞት እምቢ ካለ ችግሩ ሪሞቱ ወይም መኪናው ውስጥ ያለው የሪሞቱ ምልክት ተቀባይ ጋ ስለሆነ በር መፍታት አያስፈልግም። በሁለቱም መንገድ ሁሉም በሮች ዝም ካሉ መጀመሪያ ፊውዝ፣ ቀጥሎ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ስዊች)፣ መጨረሻ ላይ ዩኒቱ ይታያል። አንድ በር ብቻ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ እዚያው በር ላይ ነው።

የሪሞቱ ነገር አጭር ነው። አዲስ የሳንቲም ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ ያሳያል፤ ከ2.8 በታች ከወረደ መቀየር ነው። ሲአር 2016 እና ሲአር 2032 የሚባሉት ባትሪዎች ስፋታቸው እኩል 20 ሚሊሜትር ቢሆንም የመጀመሪያው ውፍረቱ 1.6፣ ሁለተኛው 3.2 ሚሊሜትር ነው። ቀጭኑን በወፍራሙ ቦታ አስገብቶ ላላ ሲል ሁለት መደረብ 6 ቮልት ስለሚሰጥ ባለ 3 ቮልቱን ሰርኪዩት ሊያቃጥል ይችላል። ያገለገለ ሪሞት ለሚገዙ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን፦ መልኩ አንድ ሆኖ ፍሪኩዌንሲው ሊለያይ ይችላል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ብዙ ጊዜ 315 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሆኑ ለአውሮፓ የተሠሩት 433 ናቸው። ከጃፓን በመጣ ቪትዝ ላይ የአውሮፓ ያሪስ ሪሞት ለማስተማር (ከመኪናው ጋር ለማላመድ) መድከም ከንቱ ነው።

በጣም የሚዘነጋው ቦታ ሽቦው ነው። በሩና ቦዲው በሚገናኙበት፣ ማጠፊያው አጠገብ የተሸበሸበ ጥቁር ጎማ አለ፤ ወደ በሩ የሚሄዱት ሽቦዎች በሙሉ በዚያ ያልፋሉ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚበጠሰው ከሁሉ በላይ የሚከፈተው የሾፌሩ በር ሽቦ ነው። ልባሱ ደህና መስሎ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ ብዙ ነው፤ በእጅ ቀስ ብሎ ሲሳብ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው።

ዲጂታል ቴስተር (ቮልት መለኪያው) እዚህ ላይ ያሳስታል። ከሽቦው ቀጫጭን ክሮች አንዱ ብቻ ቢተርፍ ቴስተሩ 12 ቮልት ያሳያል፤ በሩ ውስጥ ሆኖ ሎኩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር የሚፈልገውን አምፔር ግን ያ አንድ ክር አይሸከምም። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ለቅጽበት ስለሆነ ቴስተሩ ሳያነበው ያልፋል። የሚሻለው የሞተሩን ሶኬት ነቅሎ በሁለቱ የሞተር ሽቦዎች መካከል የ21 ዋት የፍሬን አምፖል ማገናኘት ነው፤ ወደ 2 አምፔር ስለሚስብ ሽቦውን በእውነት ይፈትነዋል። ሲቆለፍም ሲከፈትም ደምቆ ብልጭ ካለ ሽቦው ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ ሞተሩ ጋ ነው። ከደበዘዘ ወይም ጨርሶ ካልበራ በሩን በዝግታ እያንቀሳቀሱ ስዊቹን ደጋግሞ መጫን ነው፤ በአንድ ማዕዘን ላይ ሲበራ ሌላው ላይ ከጠፋ መበጠሱ ያለው ጎማው ውስጥ ነው። አምፖሉን በአንዱ ሽቦና በቦዲው መካከል ማድረግ አይበጅም፤ ሌላኛው ሽቦ ተበጥሶም ሊበራ ይችላል።

የተበጠሰውን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ብዙም አይቆይም። በሚታጠፍበት ቦታ ላይ መበየድም ስህተት ነው፤ ብየዳው ሽቦውን ስለሚያደርቀው ከጎኑ ይበጠሳል። ትክክለኛው አሠራር የተጎዳውን ቆርጦ ማውጣት፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ልስልስ ሽቦ ትንሽ ትርፍ ሰጥቶ መተካት፣ መጋጠሚያዎቹንም ከጎማው ውጭ፣ በበሩና በቦዲው ውስጥ ማድረግ ነው።

አምፖሉ ደህና ብልጭ ብሎ በሩ ካልሠራ ድምፁ ይደመጥ። ሞተሩ እየጮኸ ሎኩ ካልተንቀሳቀሰ የፕላስቲክ ጥርሱ ተበልቷል። ድምፅ ከሌለ ወይም ከደከመ ወደሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን አልቋል ወይም ካርቦኑ የሚነካው የመዳብ ቀለበት (ኮሙቴተሩ) ቆሽሿል። በብዙ ቶዮታዎች ውስጥ ያለው ኤፍሲ 280 የሚባለው ትንሽ ሞተር ለብቻው ይቀየራል፤ ሙሉ ሎኩን መጣል የለብንም። የዘንጉ ርዝመትና ጥርሱ እኩል መሆኑ ግን ይረጋገጥ። ተቆልፎ ወዲያው የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው የበሩን ሁኔታ ለዩኒቱ የሚነግረው ሎኩ ውስጥ ያለው ትንሽ ስዊች ነው። ሎኩን ለማለስለስ ደብሊውዲ 40 የሚባለውን የሚነፋ ፈሳሽ ነፍቶ መተው ያለውን ግራሶ አጥቦ ስለሚያወጣው ነጭ ሊቲየም ግራሶ ይደረግለት።

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ይህም አዲስ ግራ መጋባት አምጥቷል። የእነዚህ መኪኖች በርም የሚሠራው በትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም ትንሹ ከሞተ በሩ አይሰማም። በአብዛኞቹ ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ፤ ቀዳዳው በሾፌሩ በር እጀታ ላይ በክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። ባለንብረቱ ይህን ቁልፍ አውጥቶ ዛሬውኑ ይሞክረው። መስታወት መስበርም ሆነ በሩን በብረት መፈልቀቅ አያስፈልግም።

የበሩ ሽፋን ከመነሳቱ በፊት ኤርባግ ባለበት መኪና ላይ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቅ። ከሽፋኑ ሥር ያለው ላስቲክም ሳይቀደድ ተነስቶ በሙጫው ይመለስ፤ ካልተመለሰ የዝናብ ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ ምንጣፉን ያበሰብሳል።

ከጋራዦች የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የወጣው አሮጌ ዕቃ ለባለንብረቱ ይሰጠው፤ በደረሰኙም ላይ ከተቀየረው ዕቃ ጎን ምን ተለክቶ ምን እንደተገኘ ይጻፍ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ