ባዶ ሞል ውስጥ «መንገድ ዘግተሻል» ተብዬ ተቀጣሁ፦ ለንብረት አስተዳደር ቢሮ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ማመልከቻዎቼ ፋይልዎ ውስጥ ስላሉ ራሴን በማስተዋወቅ ጊዜዎን አልወስድም። ቢሮዎ በሚያስተዳድረው ሞል 2ኛ ፎቅ ላይ ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ለጸሐፊዎ ነገርኩ። ለክፍል ኃላፊዎ ጻፍኩ። አስተያየት መስጫ ሳጥኑ ውስጥም ከተትኩ። ሁሉም ጋ ያገኘሁት መልስ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ነው። ሂደቱ ወዴት እንደሚሄድ የነገረኝ ስለሌለ አሁን በአደባባይ ልጠይቅዎ።

የተቀጣሁት በምንድን ነው?

አንዲት ደንበኛዬ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ለልጃቸው ሰርግ የሚለብሱትን ቀሚስ ሊለኩ መጡ። ሊፍቱ አይሰራም፣ ያውቃሉ። ስለዚህ ቀሚሱን፣ ሜትሬንና ስፒሌን ይዤ እኔ ወረድኩ። ምድር ላይ ካሉት የተዘጉ ሱቆች ፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ቀሚሱን ከልብሳቸው በላይ ደረብኩላቸውና እጅጌውን መለካት ጀመርኩ። ለራሴም አንድ ወንበር አስቀምጬ ነበር። ጥበቃው መጣ። «እህቴ፣ ታዝዤ ነው» አለና ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ «የጋራ መተላለፊያን ያለፈቃድ በመያዝና መንገድ በመዝጋት» ይላል።

ማን ላይ ነው መንገድ የዘጋሁት? በዚያ ሰዓት በኮሪደሩ ያለፈ ሰው ካለ ጥበቃው ራሱ ነው።

ሴትየዋ ደነገጡ። «በእኔ ምክንያት ነው አይደል?» አሉና ቅጣቱን ሊከፍሉልኝ ቦርሳቸውን መፈተሽ ያዙ። ከቅጣቱ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ሊፍቱን ያላስጠገነው ቢሮ አልተቀጣም። ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰው ግን ይቅርታ ጠየቁ።

ውሉን ያረቀቀው የእርስዎ ቢሮ ስለሆነ አንቀጹን ላስነብብዎ አይገባም። የጋራ አገልግሎት ክፍያ የምንከፍለው ለሊፍት፣ ለመብራት፣ ለጽዳትና ለጥበቃ ነው። ሊፍቱ ቆሟል። መብራቱ ግማሹ ጠፍቷል። የፎቃችን መጸዳጃ ቤት ተቆልፏል፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለም አይታወቅም። ክፍያው ግን አንድም ሳንቲም አልቀነሰም። በሥራ ላይ ያለው ጥበቃው ብቻ ነው፣ እሱም እኛኑ ይቀጣል።

የክፍል ኃላፊዎ «ሞሉን የገደለው የኢንተርኔት ገበያ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ?» ብለውኛል። ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ ግን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ሞል የሚቆመው ደንበኛ ጎትቶ በሚያመጣ አንድ ትልቅ ሱቅ ነው። ያ ሱቅ ሰው ስለሚያመጣ በካሬ ሜትር ትንሽ ይከፍላል። እኛ ትንንሾቹ እሱ ባመጣው ሰው ስለምንጠቀም ተብሎ በውድ እንከራያለን። ትልቁ ሱቅ ሲወጣ ሰዉም አብሮት ይወጣል። ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ይህን ስለሚያውቁ «ዋናው ሱቅ ከተዘጋ ኪራያችን ይቀነስ ወይም እንውጣ» የሚል አንቀጽ ውላቸው ውስጥ ያስገባሉ። እኛ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለንም። እነሱ በውላቸው ወጡ፣ እኛ በውላችን ቀረን። ኢንተርኔት ሊፍት አያበላሽም፣ የኪራይ ውልም አይጽፍም።

ሕንፃው ምን ይሁን ለሚለው ደግሞ «ጥናት እየተካሄደ ነው» ተባልኩ። እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይነካ ተብሏል። አሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ውስጥ በርሊንግተን የምትባል ከተማ አለች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ሕንፃ ውስጥ መርዛማ ኬሚካል ተገኘና ተዘጋ። ከተማዋ በወራት ውስጥ የተዘጋ ትልቅ መደብር ጠጋግና እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ተማሪዎቿን አስገባች። ልጆቹ በመደብሩ ተንቀሳቃሽ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ተማሩ። ምቹ ነበር አልልም፣ የክፍሎቹ ግድግዳ ጣሪያ አይደርስም ነበር። ግን ጥናት አልቆ ፍጹም ሕንፃ እስኪገኝ አልጠበቁም።

ጥናቱን የሚሠሩት ባለሙያዎች እስካሁን ካላገኙት ሌላም ልጨምር። እዚያው አሜሪካ፣ ናሽቪል በምትባል ከተማ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 የአንድ ደካማ ሞል የላይኛውን ፎቅ ክሊኒክ አደረገው፣ ሱቆቹ ከታች ቀጠሉ። ልብ ይበሉ፣ ነጋዴው አልተባረረም። ቴክሳስ ግዛት፣ ኦስቲን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ሃይላንድ ሞል ዛሬ ኮሌጅ ነው። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት ከ600 በላይ ኮምፒውተሮች የተደረደሩት የድሮ ልብስና የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። ማካለን የምትባል የቴክሳስ ከተማም የተተወ ትልቅ የዋልማርት መደብርን እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አድርጋዋለች።

«አፓርታማ እናድርገው» የሚል ሐሳብ እንዳለም ሰምቻለሁ። ወረቀት ላይ ያምራል። ሕንፃው ግን በጣም ሰፊ ነው፣ መሀሉ መስኮት የለውም፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩም ጥቂት ቦታ ላይ ተከማችቷል። መኖሪያ ለማድረግ ጣሪያውን ከፍቶ መሀሉን ግቢ ማድረግ ይጠይቃል፣ ይህም ብዙ ገንዘብ ነው። ክሊኒክ፣ ማሠልጠኛ ወይም ቤተ መጻሕፍት ለማድረግ ይቀላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ይህ ለእኔ ከታየኝ ለመሐንዲሶችዎ እንዴት እንዳልታያቸው አላውቅም። (ፓርኪንጉንም ባዶ ከማቆየት አስፋልቱን ቀንሶ ዛፍ መትከል ይቻላል። ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ ወደ ጎረቤት መሄዱ ቢያንስ ይቀንስ ነበር።)

የሚገርመው፣ ሞልን ያስጀመረው ሰው ራሱ የፈለገው ሱቅ ብቻ አልነበረም። ቪየና የተወለደው አርክቴክት ቪክቶር ግሩን እ.ኤ.አ. በ1956 ሚኒሶታ ውስጥ የተከፈተውን፣ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ የመጀመሪያ ሞል የሚባለውን ሳውዝዴልን ሲያቅድ፣ ዙሪያውን መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምናና መናፈሻ እንዲኖር አስቦ ነበር። የተሠራው ሱቁና ፓርኪንጉ ነው። በስተርጅናው የሞሎች አባት መባልን በቁጣ ክዷል። እንግዲህ ክሊኒክና ቤተ መጻሕፍት ይግባ ስንል አዲስ ነገር እያመጣን አይደለም።

ክቡር ኃላፊ፣ ትልቁን ፕሮጀክት ዛሬ ጀምሩ አላልኩም። ባዶዎቹን ሱቆች በአጭር ውልና በትንሽ ኪራይ ለሠልጣኞች፣ ለጠጋኞችና መሥሪያ ቦታ ላጡ ወጣቶች መስጠት ምንም ጥናት አይፈልግም። በር መክፈት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሲመሽም የምንፈራው ባዶነቱን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። እናንተ ግን ባዶውን እየጠበቃችሁ፣ ገብቶ የሚሠራውን ትቀጣላችሁ።

የምጠይቀው ይህን ነው። ቅጣቱ ይሰረዝ፣ ለደንበኛዬም ይቅርታ ይጠየቅ። ሊፍቱ ይጠገን፤ እስኪጠገን ደግሞ የሊፍቱ ድርሻ ከጋራ አገልግሎት ክፍያችን ይቀነስ። የከፈልነውም ይመለስልን። የሚባለው ጥናት ካለ ለተከራዮች ይሰጠን፣ ከሌለም የለም በሉን።

መልሱን በጽሑፍና በማኅተም እፈልጋለሁ። «በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም።

ከ2ኛ ፎቅ፣
ልብስ ሰፊዋ