ባዶ ሰልባትዮ አትበይዱ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሮጌ መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ቀለማቸውን፣ ኮፈናቸውን፣ የሞተራቸውን ድምፅ ሁሉ አንስታችኋል። ስለ ነዳጅ ታንካቸው፣ ሰልባትዮ ስለምንለው፣ ግን ምንም አላላችሁም። እኔ የምጨምረው እሱን ነው፤ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና።

ጡረታ የወጣሁ ሾፌር ነኝ፤ የምኖረው አዘዞ ነው። የጤና ባለሙያዎችን ይዤ ወደ ጭልጋ፣ ወደ መተማ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት ስመላለስ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ አብዛኛውን በላንድሮቨር። አሁንም አንድ አለኝ። አጭሩ ሲሪዝ 3 ነው፣ ባለ ቤንዚኑ፣ በጨረታ የገዛሁት። ልጆቼ «ሽጠውና እረፍ» ይሉኛል። እኔ ግን ቀስ እያልኩ ከሻንሲው እስከ ጣሪያው አድሼዋለሁ።

ላንድሮቨር የነዳ ያውቃል፤ ቦዲው አልሙኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም። ሻንሲውና ሰልባትዮው ግን ብረት ናቸው። ሰልባትዮው ያለው ከፊት ወንበር ስር ነው፤ 45 ሊትር ያህል ይይዛል። ከውጭ የክረምት ጭቃ ይለጠፍበታል። ከውስጥም ይበላል። ነዳጁ ሲጎድል አየር ይገባል፣ ሌሊት ሲበርድ የአየሩ እርጥበት ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ መንገድ ዳር ከጀሪካን የቀዳነው ቤንዚን ይዞት የሚመጣው ቆሻሻም አለ። የኔው የታችኛው ስፌቱ ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። በሩን ስትከፍቱ ቤንዚን ይሸታል። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የልጅ ልጄ ነው።

መንገድ ላይ ቢሆን መላ አለው። የድሮ ሾፌር 501 ሳሙና ከዕቃው አይለይም። የሚያንጠባጥበው ቦታ ላይ ጥርግ አድርጎ በደረቁ ጥቅጥቅ ያደርገዋል። ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው ይይዛል፤ ከደባርቅ ጎንደር ያስገባል። ከተማ ከገቡ በኋላ ግን ሳሙና መፍትሔ አይሆንም።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። በያጁ ወጣት ነው፣ እጁም ጎበዝ ነው። «አባባ፣ አጥቤ እበይድልዎታለሁ፤ ሻይ ጠጥተው ይምጡ» አለኝ። በኦሞ ሊያጥበው፣ ፀሐይ ላይ ሊያውለው፣ ከዚያ ሊበይደው ነው። እምቢ ስለው ገረመው። «ባዶ ነው እኮ፣ ምን ይሆናል ብለው ነው?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተደባለቀው ትነቱ ነው። ብዙም አይፈልግም። ከመቶ እጅ አየር ውስጥ አንድ ተኩል እጅ ያህል ትነት ካለ ይበቃል። ከሰባት ተኩል እጅ ገደማ ካለፈ ደግሞ አየር ስለሚያጥረው አይቀጣጠልም። ሙሉ ታንክ ውስጥ አየር የለም ማለት ይቻላል። ባዶው ውስጥ ግን አየሩም ትነቱም አለ፤ ስለዚህ ከሙሉው ይልቅ የሚፈራው ባዶው ነው። ብርድም አያድንም፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ አፉን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ ብታውሉትም ታች ይተኛል። ኦሞውም ዝገቱ ስርና ስፌቱ ውስጥ የገባውን አያወጣውም። ያ የቀረው ብየዳው ሲያሞቀው ይተናል፤ በያጁም ፊቱን አስጠግቶ ነው ያለው።

አየሩን እንዲያስወጣላቸው የሌላ መኪና የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ጭስ የሚያስገቡበት አሉ። ውሃ ሞልተው ጥቂት ክፍተት ብቻ የሚተዉም አሉ። ውሃው ከምንም ይሻላል፤ ግን ለአንድ አሮጌ ቆርቆሮ ብዬ የማንንም ልጅ በዚህ ተስፋ እሳት ፊት አላቆምም። «ስንት ዓመት ሠርተናል፣ ምንም አልሆንንም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ አልሆኑም። የሆነበት ሰው ግን መጥቶ አይነግራችሁም።

እኔ አዲስ አሠራሁ። አሮጌውን ሳንቆርጥ በካርቶን ልኬቱን አወጣን፤ አንድ ባለሙያ ነዳጅ ነክቶት ከማያውቅ አዲስ ላሜራ ሠራው። ነዳጁ በቁልቁለት እንዳይላጋ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው መከፋፈያ አስገባበት። ከዚያ አፎቹን ደፍኖ በጣም ትንሽ አየር ነፋበትና ስፌቱን በሳሙና አረፋ ቀባው። አንድ ማዕዘን ላይ አረፋው ቀስ ብሎ ማበጥ ጀመረ፤ እዚያው አስተካከለው። ከመግጠማችን በፊት የባትሪውን ገመድ ፈትተን፣ የተረፈውን ነዳጅ ደጅ ላይ ከታች ባለው ቡሎን አወረድን። ቱቦዎቹን ሁሉ ለነዳጅ በተሠራ ጎማ ቀየርን፤ የግሉኮስ ቱቦ የሚጠቀሙ ሰዎች እባካችሁ ተዉት። መተንፈሻውንም አየነው፤ እሱ ከተደፈነ ሞተሩ ዳገት ላይ ነዳጅ ያጣል። መጀመሪያ ላይ የነዳጅ መለኪያው አልሠራ አለ። አዲሱ ቀለም ኔጋቲቩ ከሻንሲው ጋር እንዳይገናኝ አግዶት ኖሮ፣ ትንሽ ፋቅ ሲደረግ ተነሳ።

ዋጋው ከብየዳው ይበልጣል፣ አልዋሽም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ማስመጣት ይቻላል፤ ግን ያም የራሱን ዝገት ይዞ ነው የሚመጣው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ይጠገናሉ። ለጋራዦች ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ለቁጥጥር ሲመጣ የእሳት ማጥፊያ መኖሩን ብቻ አይቶ አይመለስ፤ የነዳጅ ታንክ ይበየድ እንደሆነም ይጠይቅ። የሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ላሜራ ማጠፍ ያስተምራሉ፤ ተማሪዎቹ ታንክ መሥራትንም ቢለማመዱ ሥራ አያጡም። ባለ መኪኖችም በያጁን «ቶሎ በልልኝ» እያልን አናጣድፈው። አሮጌ ታንክ ለቁራሌው ስትሰጡ ምን እንደነበረበት ንገሩት፤ ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ለምድጃ የሚቆርጡ ሰዎችም እዚሁ አደጋ ውስጥ ናቸው።

የካርቶን ልኬቱ እኔ ዘንድ አለ። አጭር ላንድሮቨር ያለው ሰው ወይም ሊሠራ የሚፈልግ ጋራዥ ካለ በእናንተ በኩል ይጠይቀኝ፤ በነፃ ገልብጦ ይወስዳል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር አዘዞ