በሬውን አትሽጠው

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣ መርሳ

አባዬ፣ ለጤናህ እንደምን ነህ? ከናፍቆታችሁ በቀር እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ወንድሜ ሰይድ በሬው ተሽጦ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ እንድትልከው እየለመነህ መሆኑን እማዬ በስልክ ነገረችኝ። እባክህን አትሽጠው። ደላላው «አሁን ይሂድ፣ ሲደርስ ይከፍላል» ይላል። ክፍያው የሚጠየቀው ግን የመን ላይ ልጁን አግተው፣ እየገረፉ፣ ጩኸቱን ለወላጅ በስልክ በማሰማት ነው። የጎረቤታችን እናት ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ አፈር ላይ ስትቀመጥ አይተሃል። መስጊዱ በር ላይ ነጠላ ተነጥፎ ብር የተዋጣው ለዚያ ልጅ ነበር፤ እስከ ዛሬ ድምፁ የለም። ባሕሩም አይምርም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን ውስጥ አብያን የባሕር ዳርቻ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ከ90 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ሳዑዲ ድንበሯን መጠበቋን አልቃወምም። አንተም ድንበር ገፊ አትወድም፤ ነገር ግን ማሳህ ውስጥ ከብት ቢገባ ትመልሰዋለህ እንጂ እረኛውን አትገድልም። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ገድለዋል ብሏል። ሳዑዲ አስተባብላለች። እኔ ግን ጥይት ጥበቃ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው የለም።

የእኛም መንግሥት ቢሆን በ2006 ዓ.ም. ወደ ዐረብ አገር የሚደረገውን ሕጋዊ የሥራ ጉዞ አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት የወሎ ልጅ መሄዱን አልተወም፤ በአፋር በረሃ አድርጎ ሄደ። በሩ ሲዘጋ የተጠቀመው ደላላው ብቻ ነበር።

እኔ የመጣሁት በውል ነው። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛውንና የደርሶ መልስ ጉዞውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ በእጄ አለ፤ ደሞዜ ቢዘገይ ውሌን ይዤ የምጠይቅበት ቦታ አለኝ። ሕጋዊ መሆን ችግርን ሁሉ ያጠፋል አልልህም፤ አሠሪ መቀየር እዚህ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ስሜ የተመዘገበ ሰው ነኝ፤ ብጠፋ የሚጠየቅ አለ።

የሚያንገበግበኝ ይህ መንገድ በአብዛኛው ለቤት ሠራተኛ ሴቶች መከፈቱ ነው። እንደ ሰይድ ያለው ጎረምሳ ሕጉን ላክብር ቢል በየት ይሂድ? ለሾፌሩም፣ ለግንበኛውም፣ ለእረኛውም ውል ይኑር፤ ተራውም መቼ እንደሚደርስ ይታወቅ። ያ ሳይሆን ድንበር ላይ ዘብ ቢደረደር ልጆቻችን በሌሊት መሄዳቸውን አይተዉም። አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ቃልህ ይሰማል፤ በወረዳው ስብሰባ ላይ ይህንን ጠይቅልኝ።

ሰይድ ደሴ ሄዶ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ይጀምር። ክፍያውን በሚቀጥለው ሳምንት በእማዬ ስም በባንክ እልካለሁ፤ መታወቂያዋን ይዛ ትውሰድ። ደላላው ተመልሶ ከመጣ ለእኔ ደውሉልኝና ራሴ አናግረዋለሁ።

ልጅህ ዘሃራ
ከጅዳ