ከመምጣትሽ በፊት፣ ስለ ሠፈራችን ቢስትሮ

ፓሪስ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥቅምት ላይ ስትመጪ ማዕዘኑ ላይ ካለችው ቢስትሮ ራት እንበላለን ብልሽ «ምኑን አውቄው ነው የምበላው?» ያልሽኝን በስልክ ልጨርሰው አልቻልኩምና ጻፍኩት። እኔ ሥራ ላይ ስሆን ከእትዬ ጋር ብቻችሁን ብትገቡም ይጠቅማችኋል፤ ወረቀቱ ከመነጽርሽ ጋር ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን። ሹካና ቢላው አያስጨንቅሽ፣ ማንም አያይሽም። መጠንቀቅ ያለብሽ የምግቡ ስም የማይናገረውን ነው፤ አሳማውንና ቅቤውን።

ቢስትሮ የሚሉት ትልቅ ሆቴል አይደለም። ሃያ ሠላሳ ሰው የሚይዝ፣ ጠረጴዛዎቹ የተጠጋጉ፣ የዕለቱ ምግብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሚጻፍበት የሠፈር ቤት ነው። ሰሌዳው ባጠረ ቁጥር ደስ ይበልሽ፤ አራት አምስት ዓይነት ብቻ የሚጽፍ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የዕለቱን ገበያ አይቶ የሚያበስል ነው። አርባ ዓይነት ምግብ ከነፎቶው በር ላይ የለጠፈው ግን ከፍሪጅ አውጥቶ የሚያሞቅ መሆኑን ጠርጥሪ። እዚያው ቤት ከጥሬው ለተሠራ ምግብ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምልክት አለው፤ ጣሪያ የተከደነባት ድስት ናት፤ «ፌ ሜዞን» ይሏታል።

ሰዓት ላይ ጥብቅ ናቸው። ምሳ በኛ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ቢበዛ 8፡30 ነው፤ ራት ከምሽቱ 1፡30 እስከ 4 ሰዓት ገደማ። እነሱ 12፣ 14፣ 19፡30፣ 22 ብለው ነው የሚጽፉት፤ ለቀኑ 6፣ ለማታው 18 ቀንሺለትና የኛ ሰዓት ይመጣልሻል። በመሀሉ ብትሄጂ ቡና ይቀዱልሽ ይሆናል እንጂ ምድጃው ጠፍቷል። ለአንቺ የሚከብደው ረቡዕና ዓርብ ነው። እስከ 9 ሰዓት ጾመሽ ስትነሺ ምሳው አልፏል፣ ራቱ አልደረሰም፤ ስለዚህ በጾም ቀን የምትሄጂው ለራት ነው። እሑድና ሰኞ ብዙዎቹ ይዘጋሉ። ቀኑን ሙሉ የሚያበስለው «ብራስሪ» የሚባለው ተለቅ ያለው ቤት ነው።

ስትገቢ ከምንም በፊት «ቦንዡር»፣ ከመሸ «ቦንስዋር»። ሰላምታ ሳያስቀድም የሚጠይቅ ሰው እዚህ አገር እንደ ባለጌ ይቆጠራል፤ ቀሪው መስተንግዶ ሁሉ በዚያች ቃል ነው የሚወሰነው። ጠረጴዛ ባዶ ቢሆንም ራስሽ ሄደሽ አትቀመጪ፣ አስተናጋጁ ያስቀምጥሻል። በግድግዳው ጥግ ያለው ረጅም መቀመጫ «ባንኬት» ይባላል፤ ይመቻል፣ ግን ከመሀሉ ለመውጣት ጠረጴዛ መሳብ ስላለበት ጫፉን ያዢ። በረንዳው ላይ ሲጋራ ይጨሳልና ውስጥ ይሻልሻል። ደግሞ አደራ፣ አስተናጋጅ ለመጥራት አታጨብጭቢ! ዓይኑን ጠብቀሽ እጅሽን ትንሽ ከፍ አድርጊና «ሲል ቩ ፕሌ» በይ፤ እባክዎ ማለት ነው።

ስለ ጉልበትሽ አንድ ነገር። በአሮጌዎቹ የፓሪስ ቤቶች መጸዳጃው ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ነው፤ ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ መደገፊያውም ሁሌ አይታመንም። ከመቀመጥሽ በፊት «ሌ ትዋሌት፣ ሴ አን ባ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ታች ነው ወይ ማለት ነው። እጅ የሚያስታጥብ ስለሌለ ለመታጠብም ያው ደረጃ ነው፤ እርጥብ ሶፍት ያዢ።

እኛ ሜኑ የምንለውን እነሱ «ካርት» ይሉታል። እነሱ «ሜኑ» ወይም «ፎርሙል» ሲሉ በአንድ ዋጋ የታሰረውን ነው፤ መጀመሪያና ዋና፣ ወይም ዋናና ጣፋጭ፣ ወይም ሦስቱም። የምሳው ፓሪስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 25 ዩሮ አካባቢ ነው፣ ማታ ይወደዳል። «አንትሬ» መክፈቻው ነው፣ «ፕላ» ዋናው። አሜሪካ ያለችው እኅትሽ «አንትሬ» ስትል ዋናውን ምግብ ማለቷ ነውና እንዳታምታታሽ። በአንድ ማዕድ መብላት የለም፤ ሁሉም የየራሱን ሳህን ነው የሚይዘው። መክፈቻውን ለሁለት መካፈል ግን ነውር አይደለም፤ «ዲዩ ዛሲየት» በይና ሁለት ሳህን ያመጣሉ።

አሁን ወደ አሳማው። ፈረንሳዮች አሳማን እንደ ቅመም ነው የሚጠቀሙበት። «ላርዶን» የሚባለው በጣት ጫፍ ልክ የተከተፈ፣ በጨው የታሸ የአሳማ ጮማ ሲሆን ስሙ ስለ አሳማ በማያወራ ምግብ ውስጥ ሁሉ ይገባል። «በፍ ቡርጊኞን» የበሬ ሥጋ ነኝ ብሎ ይጀምራል፤ እውነትም በቀይ ወይን ሦስት ሰዓት ያህል የበሰለ በሬ ነው። ነገር ግን ድስቱ ሲጣድ መጀመሪያ የሚቀልጠው የላርዶኑ ስብ ነው፤ በሬው የሚጠበሰው በዚያ ስብ ነው። ስለዚህ ቁርጥራጩን በሹካ ለቅሜ አወጣለሁ ማለት አይሠራም፣ መረቁ ውስጥ ገብቷል። «ኮክ ኦ ቫን» የሚሉት የዶሮ ወጣቸውም እንደዚሁ ነው። የሊዮን ሰላጣ፣ ኪሽ ሎሬን፣ ብዙ ጊዜ የምስር ሰላጣም ላርዶን አለባቸው። «ቴሪን» እና «ፓቴ» የሚሏቸውን የተፈጨ ሥጋ ምግቦች የዳክዬ ነው ወይም የዶሮ ጉበት ነው ቢሉሽም አብዛኛውን ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚያያዙት። «አንዱዬት» የአሳማ አንጀት ነው፣ «ቡዳን ኗር» የደም ቋሊማ፣ «ላፓን» ጥንቸል፣ «ኤስካርጎ» ቀንድ አውጣ። እነዚህን ስሞች አስምሬባቸዋለሁ። የምትጠይቂው «ኢያቲል ዲዩ ፖር?» ብለሽ ነው፤ አሳማ አለበት ወይ ማለት ነው። «ሳን ፖር» ማለት ደግሞ ያለ አሳማ።

በፍስክ ቀን ዓይንሽን ጨፍነሽ ልታዢ የምትችዪው «ብላንኬት ደ ቮ» ነው። የጥጃ ሥጋ ከካሮትና ከባሮ ሽንኩርት ጋር በውኃ ቀስ ብሎ ይቀቀላል፤ መረቁ በቅቤና በዱቄት ይወፍራል፣ መጨረሻ ላይ በክሬምና በእንቁላል አስኳል ይነጣል፤ ከሩዝ ጋር ይቀርባል። ለጥርስሽም አያስቸግርም። ሁለተኛው «ፖቶፈ» ነው፤ የኛው ቅቅል በለው! መረቁ ለብቻ፣ ሥጋው ከአትክልቱ ጋር፣ መቅኔው ከነአጥንቱ ይመጣል፤ መቅኔውን በማንኪያ አውጥተሽ ዳቦ ላይ ቀብተሽ ደረቅ ጨው ነስንሺበት። አጠገቡ የሚያስቀምጡት ሰናፍጭ ነው፤ የዲዦኑ ከኛው ባልተናነሰ አፍንጫ ውስጥ ይገባልና በጫፍ ጀምሪ። «ፖቶፈ» እና «ፖቴ» ግን እንዳይምታቱብሽ፤ «ፖቴ» የአሳማ ቅቅል ነው። የዳክዬ «ኮንፊ» በጨው ታሽቶ ስላደረ ለደም ግፊትሽ አይሆንም። ስለ እርዱ ጉዳይ እኔ ዳኛ አልሆንም፤ ከመምጣትሽ በፊት የነፍስ አባትሽን ጠይቂ።

ጥብስ ካሰኘሽ ስለ አበሳሰሉ መጠየቅሽ አይቀርም። «ብለ» ላዩ ብቻ ተጠብሶ ውስጡ ለብ ያለ ነው። «ሴኛን» መሀሉ ቀይ፣ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ገደማ፤ «አ ፕዋን» መሀሉ ሮዝ፣ ከ55 እስከ 60። «ቢያን ኩዊ» ሙሉ በሙሉ የበሰለ። የፈረንሳዮቹ ሚዛን ከኛ ወደ ጥሬው ያጋድላል፤ «አ ፕዋን» ብለሽ «ይሄማ አልበሰለም» እንዳትይ። ሳህኑ ላይ የሚፈሰው ቀዩ ውኃ ግን ደም አይደለም፣ ሚዮግሎቢን የሚባል የጡንቻው ቀለም ነው። ቢስትሮዎች የሚወዱት «ባቬት» የሚባለው ቁርጥ ጭረቱ፣ ማለት የሥጋው ክር፣ ረጅም ነው፤ «ቢያን ኩዊ» ካሉት እንደ ጠፍር ይጠነክራል። የበሰለ ሥጋ ከፈለግሽ ጥብሱን ትተሽ ከድስት የወጣውን እዘዢ። ባቬቱን ካዘዝሽም «አ ፕዋን» በይና ከጭረቱ ጋር ሳይሆን ጭረቱን አቋርጠሽ ቁረጪው፤ ግማሹ ጥንካሬ በቢላው ይሄዳል።

«ታርታር» የሚሉት ክትፎ ሲያዩት ነው። ጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፤ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ቅቤና ሚጥሚጣ የለውም፤ በሰናፍጭ፣ በሽንኩርትና በጥሬ የእንቁላል አስኳል ይታሻል። ጥሬ ሥጋም ጥሬ እንቁላልም በአንቺ ዕድሜ ስለማይመከር ይቅርብሽ። እትዬ ግን አልተውም ካለች «አሌ ርቱር» ትበል፤ ሁለቱንም ፊት ለአፍታ አሳርረው ያመጡላታል፣ ለብለብ እንደማለት ነው፤ መሀሉ ግን ያው ጥሬ ነው።

የጾሙ ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ እዚህ አገር ቅቤ የማይገባበት የለም። ቅቤን «በር» ነው የሚሉት። «ሳን በር» ያለ ቅቤ ነው፣ በር የሌለው ቤት አይደለም። የሽንኩርት ሾርባቸው ስሙ ጾም ይመስላል፤ ሽንኩርቱ በቅቤ ቡናማ እስኪሆን ይቁላላል፣ መረቁ የበሬ አጥንት ነው፣ ከላይ አይብ ይከደናል፤ ሦስት ጊዜ ፍስክ ነው። (በፍስክ ቀን ግን እዘዢው። የአይቡ ክዳን ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ በማንኪያ ቀደሽ አምስት ደቂቃ አስተንፍሺው፤ ምላስ የሚቃጠለው እዚያ ነው።) «ሴልሪ ሬሙላድ» ጥሬ አትክልት ቢመስልም በማዮኔዝ የታሸ ነው፣ እንቁላል አለበት። ድንች ጥብሱን አንዳንድ ቤት በበሬ ስብ ይጠብሰዋል፤ «አ ልዊል?» ብለሽ ጠይቂ፣ በዘይት ነው ወይ ማለት ነው።

የሚበላው ይሄ ነው፦ የተፈገፈገ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ «ፖሮ ቪኔግሬት» የሚሉት የተቀቀለ ባሮ ሽንኩርት በኮምጣጤና በዘይት። በመጨረሻው ላይ የተፈረፈረ እንቁላል ስለሚበትኑ «ሳን ዘፍ» በይ። ምስሩን ያለ ላርዶን ከሠሩት እሱም ይሆናል። ዳቦው አያሳስብሽ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት «ትራዲሲዮን» የሚባለው ባገት ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ነው፤ ወተትም ቅቤም የለውም። ለጣፋጭ የሎሚ «ሶርቤ» አለ፣ ወተት አይገባበትም። ከተጠራጠርሽ «ሌ ዛሌርዤን» ብለሽ ዝርዝሩን አስመጪ። በአውሮፓ ሕግ አለርጂ የሚያመጡ 14 ነገሮች በየምግቡ መገለጽ አለባቸው፤ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ይገኙበታል፣ ቅቤም በወተት ሥር ይገባል። ለአለርጂ የተሠራው ወረቀት ለጾመኛ እንዲህ ያገለግላል። ሥጋ ግን ከ14ቱ አይደለም፤ የበሬ መረቅ አለበት የለበትም የሚለውን በአፍሽ መጠየቅ አለብሽ።

ውኃ አትግዢ። «ኡን ካራፍ ዶ» ካልሽ የቧንቧ ውኃ በነጻ ያመጣሉ፤ ዳቦውም ከምግቡ ዋጋ ውስጥ ነው፣ ሲያልቅ ይጨመራል። ሳህን የለውም፤ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አትደንግጪ። በዳቦው መረቁን መጥረግ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ በእንጀራ የለመደ እጅ እዚህ ላይ አይቸገርም። ቡና የሚመጣው ከጣፋጩ በኋላ ነው፣ ያውም አንዲት ሲኒ፤ አቦል ብቻ፣ ቶናና በረካ የለም። ማኪያቶ ከፈለግሽ «ኑዋዜት» በይ። እንቅልፍሽን ከከለከለሽ «ቬርቬን» የሚባል የቅጠል ሻይ አለ።

ሒሳብ ካልጠየቅሽ አይመጣም። ረስተውሽ አይደለም፣ ማባረር እንዳይመስል ነው። «ላዲስዮን፣ ሲል ቩ ፕሌ» በይ። እኛ አገር እንደሚደረገው ቫትና የአገልግሎት ክፍያ በላዩ አይደመርም፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻው ነው። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ደስ ካለሽ አንድ ሁለት ዩሮ ጠረጴዛው ላይ ተይ። የተረፈሽንም ቋጥሩልኝ ማለት ትችያለሽ፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመውሰጃ ዕቃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

ለምትመጪበት ሳምንት ሐሙስ ማታ 1፡30 ለሁለት ሰው ይዣለሁ፤ ፍስክ ስለሆነ ብላንኬቱን እንሞክራለን። እትዬ የምትመጣ ከሆነ ቶሎ ንገሪኝ። የሁለት ሰው ጠረጴዛቸው ከትሪ አይበልጥም፣ ለሦስት ሌላ ጠረጴዛ መያዝ አለብኝ፤ ደረጃ ሳይወርዱ የሚደረስበት መጸዳጃ እንዳላቸውም ያኔውኑ እጠይቃለሁ።

ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ልጅሽ