ለልጄ፦ ስለዚያ የቁጥጥር ጉዳይ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽም ጉልበቱን ተሽሎታል።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሁለት ጊዜ ሰማሁት። የናይሮቢ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌዎች ለሁለት መከፈላቸው አሳሰበኝ። ግማሹ "መንግሥት ይቆጣጠረን" ሲል፣ ግማሹ "በእግዚአብሔር ቤት መንግሥት ምን አገባው?" ይላል። አንቺ ደግሞ ገንዘብ ያዥ ነሽና መሃል ቤት ተያዝሽ። "እማዬ፣ አንቺ በደርግ ጊዜ አይተሻል፣ ምን ትያለሽ?" አልሽኝ።

አዎ፣ አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን መሠረተ ክርስቶስ በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ወጣት ነበርኩ። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ የባንክ ሒሳቧ ታገደ፣ መሪዎቻችን ታሰሩ። ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩ አሉ። እኛ በየቤቱ ገባን። ጫማ ደጃፍ ላይ አይቀመጥም፣ ብዛታችንን ያሳብቃላ! ይዘነው እንገባለን። ረከቦቱ ቀርቦ ቡና ይፈላል፤ የቀበሌ ሰው ብቅ ካለ ቡና ጠጪ ነን። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። የመዝሙር ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ ሽሮ ዕቃ ውስጥ እቀብረው ነበር።

ቃሉን የምታስተምረን ሴት እንጀራ ጋግራ የምታድር ነበረች። ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም። መጽሐፍ ቅዱሷን ስትገልጥ ጣቶቿ ላይ የምጣዱ ቃጠሎ ይታይ ነበር። ስንዘጋ አምስት ሺህ ገደማ ነበርን። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ከ30 ሺህ በልጠን ተገኘን።

ከዚያ በፊት፣ በጃንሆይም ጊዜ፣ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን እንድትመዘገብ ጠይቃ ተከልክላለች። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ለጸሎት የተሰበሰቡ አባሎቿ ታፍሰው ታሰሩ። የእኔ ዘመን ሰው "ምዝገባ" ሲባል የሚደነግጠው ወዶ አይደለም።

ግን ልጄ፣ ሻካሆላንም አትርሺ። እዚያው አንቺ ያለሽበት አገር፣ ማሊንዲ አቅራቢያ ያለ ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ። ጾመው ከሞቱ ኢየሱስን እንደሚያገኙ ሰባኪያቸው ነግሯቸው ነው የተባለው። ሕፃናትም ነበሩበት። ያን ዜና በቴሌቪዥን ሳይ ተነስቼ ዘጋሁት። ሕፃን በረሃብ ሲሞት መንግሥት ገብቶ ቢያስቆም ማን ሃይማኖቴ ተነካ ይላል? እኔ አልልም።

የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ላይ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ የሕዝብን ደኅንነትና ጤና፣ የሌላውንም ሰው መብት ለመጠበቅ ሲባል ሃይማኖትን በመግለጥ ላይ በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ያስቀምጣል። ሁለቱንም እቀበላለሁ። ጭቅጭቁ ያለው ድንበሩ ላይ ነው።

ሩዋንዳን እይ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ውስጥ ከ700 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የተነሣው ምክንያት ድምፅ፣ ንጽሕና፣ የሕንፃ ደኅንነት ነበር። መጸዳጃ ቤት ይኑር፣ ጣሪያው ሰው ላይ አይውደቅ፣ ጎረቤት ይተኛ፣ ይሁን። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ግን ሌሎችን በኃላፊነት የሚመራ ሰባኪ የሃይማኖት ትምህርት ዲግሪ፣ ወይም ሌላ ዲግሪና የሃይማኖት ትምህርት ምስክር ወረቀት ይኑረው አለ። እዚህ ላይ ሆዴ እምቢ አለ። ያ ሕግ በደርግ ጊዜ እኛ ላይ ቢሠራ ኖሮ እንጀራ ጋጋሪዋ አፏን አትከፍትም። እኔም ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አማኝ አልሆንም ነበር። ትምህርት ጠልቼ እንዳይመስልሽ። አንቺን ለማስተማር ስንት እንደለፋን ታውቂያለሽ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ አገልጋዮቿን ብታስተምር ደስ ይለኛል። ማን ይስበክ የሚለውን ግን ቢሮ የተቀመጠ ሰው አይወስንም።

ስለዚህ የመባውንና የአሥራቱን ደረሰኝ በየወሩ አስተካክለሽ ያዢ። ኦዲተር ቢመጣ ሳትሸማቀቂ መዝገቡን ክፈቺለት። የምእመናን ገንዘብ ነው፣ ሲደበቅ ደግሞ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። የስብከት ጽሑፍ አስቀድማችሁ አሳዩ፣ አገልጋይ እኛ እንምረጥላችሁ ከተባለ ግን ሽማግሌዎቹ ሲወያዩ ዝም ብለሽ ቃለ ጉባኤ አትጻፊ። እጅሽን አውጥተሽ ተናገሪ። የእንጀራ ጋጋሪዋንም ነገር ንገሪያቸው።

ደብተሩ አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ለገና ስትመጪ ትወስጂዋለሽ። የሽሮው ሽታ አልለቀቀውም።

እናትሽ