እናቴ ከጃማይካው ሩም ውስጥ አተላ አሸተተች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ስለ መጠጥ የጻፉት አምደኛችሁ ያገር ቤት አረቄ ለማሞቅ እንጂ ለማጣጣም አይሆንም ብለዋል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ለጥምቀት ታናሽ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ሦስት ጠርሙስ የጃማይካ ሩም፣ ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ አረቄ፣ ይዞ መጣ። የሦስት የተለያዩ አውጪ ቤቶች ናቸው፣ ሦስቱም በእንጨት በርሜል ያረጁ። እራት ከተበላ በኋላ ከእናቴና ከአንድ ጎረቤታችን ጋር በመለኪያ እየቀዳን ቀመስን። በየማታው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር የምንከፍተው፤ ጣዕሙ እንዳይምታታብን።

የመጀመሪያው የ12 ዓመቱ አፕልተን ነው። የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፣ ቫኒላም አለው፤ ሲዋጥ ደግሞ እንደ ቡና መረር ይላል። ጎረቤታችን «ይሄስ ለክቡር እንግዳ ነው» አለ። ሁለተኛው ወርዚ ፓርክ፣ ሙዝ ሙዝ ይላል፤ ያውም ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ።

ሦስተኛው ሃምፕደን ነበር። ገና ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። ከልክ በላይ የበሰለ አናናስ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ምኑ ቅጡ። ወንድሜ ራሱ ፊቱን አዞረ። እናቴ ግን መለኪያውን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ «እነዚህ ሰዎች አተላውን አልደፉትም» አለች።

ልክ ነበረች። እኛ ዘንድ አረቄው ወጥቶ ሲያልቅ አተላው ለከብት ይሰጣል። ሃምፕደኖች ግን ያስቀምጡታል። ዳንደር ይሉታል። በሚቀጥለው ጥንስስ ጊዜ ከሸንኮራ አገዳው ሞላሰስ ጋር መልሰው ይጨምሩታል። የአተላው አሲድ ከአልኮሉ ጋር ሲዋሃድ ኤስተር የሚባለው ይወጣል። ያ ሁሉ የአናናስና የሙዝ ሽታ ከዚያ የመጣ እንጂ ፍራፍሬ ገብቶበት አይደለም። ይህን ለእናቴ የነገራት ሰው የለም። ሠላሳ ዓመት ከጋኑ አጠገብ ያልጠፋ አፍንጫ ነው የነገራት።

ዳግምም አላቸው። እኛ ተራውን አረቄ እንደገና እሳት ላይ ጥደን ነው ዳግም የምናወጣው። እነሱ ከዋናው ጋን ቀጥሎ ሁለት ማሰሮ የመሰሉ ነገሮች አሏቸው። እንፋሎቱ በሁለቱ ውስጥ ሲያልፍ በአንድ እሳት ዳግም ሆኖ ይወጣል።

አምደኛው ደግሞ የጠቆረ መጠጥ ያረጀ ነው ብለዋል። አይደለም። በተቃጠለ ስኳር ማጥቆር ይቻላል። መታየት ያለበት ቁጥሩ ነው። የጃማይካ ሩም ላይ 12 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከተቀላቀሉት ሁሉ የትንሹ ዕድሜ 12 ነው ማለት ነው። አገሩም ሞቃት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ከበርሜል በዓመት 2 ከመቶ ገደማ ሲተን፣ እዚያ 6 ከመቶ ያህል ይተናል። ለዚህ ነው የ12 ዓመቱ ጣዕም እንዲያ የጠነከረው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። አፕልተን እ.ኤ.አ. በ1997 ዋና ቀማሚ አድርጎ የሾመው ሴት ነው፣ ጆይ ስፔንስን። በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ስሟን የሩም ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም አገር አረቄ የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። የእናቴን ዳግም ግን ነጋዴ በጀሪካን ይወስደዋል፤ ከሌላው ጋር ይደባልቀዋል፣ አንዳንዴም ውሃ ያክልበታል። ያንን የቀመሰ ሰው ለማሞቅ እንጂ ለማጣጣም አይሆንም ቢል አልፈርድበትም። የእሷን ግን አልቀመሰም።

የጎደለን በርሜልና ትዕግሥት ነው። ጠርሙስ ውስጥ አረቄ አያረጅም፣ እንጨት ይፈልጋል። ስለዚህ አንባቢዎቻችሁን የምጠይቀው አለኝ። የወይን ጠጅ ያረፈበት፣ ያልሻገተ የኦክ በርሜል የሚሸጥ ካለ በጋዜጣችሁ ያሳውቀን። ሁለት እንፈልጋለን። አንዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ብርዱ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት፣ ቆላው ላይ፣ አክስቴ ቤት። ዳግሙ አንድ ነው፣ የአንድ ቀን ነው። በሦስተኛው ዓመት ሁለቱንም እንከፍታለን። አምደኛውም ይምጡና ከእናቴ ጋር ይቅመሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአረቄ አውጪ ልጅ
ደብረ ብርሃን